መምህሩ ወደ ሥራ እየሄዱ ነበር

ባለፈው ወር ማብቂያ ላይ ስታፍ ሩማችን ውስጥ አንድ ወረቀት ሲዞር ዋለ። ሠንጠረዥ ተሰምሮበታል፤ ከላይ «የመምህራን ተጠሪ ዕጩዎች» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። የደረሰው ሁሉ ያየዋል፣ ፈገግ ይላል፣ ከጎኑ ላለው ያቀብላል። እኔ ጋ ሲደርስ አንዱ ባልደረባዬ «አንቺ አፍ አለሽ፣ አንቺ ሁኚልን» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩና ወረቀቱን እንደነሱ አሳለፍኩት።

ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እስቲ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የተወለድኩትም ያደግኩትም ሰበታ ነው። የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው፤ ትምህርት ቤቴ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በአንዱ ነው፣ የቱ እንደሆነ ይቅር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከገቡ ዓመታት ቢቆጠሩም እኛ አሁንም በየስማቸው ነው የምንጠራቸው። ጠዋት አየር ጤና፣ አስኮ ወይም አዲሱ ገበያ ቆማችሁ ብታዩ መምህራንን ወዲያው ትለያላችሁ። ትከሻችን ላይ ቦርሳ፣ እጃችን ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የፈተና ወረቀት አለ። ግማሾቻችን አዲስ አበባ እየኖርን ወደ ውጭ እንወጣለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ስላለን ዳር ይዘን ወደ ውስጥ እንገባለን። መንገድ ላይ እንተላለፋለን።

ችግራችን አዲስ አይደለም። ክረምት ላይ ላስተማርነው የማካካሻ ትምህርት ክፍያው ይኸው እስካሁን አልመጣም። አንዱን ስንጠይቅ ወደ ሌላው ይልከናል፤ ሌላው «ተጠሪያችሁ ይምጣ» ይላል። ተጠሪያችን ከተዛወረ ቆይቷል፤ ቦታው ባዶ ነው። የማኅበር መዋጮ ግን ከደመወዛችን ላይ በየወሩ አንድም ቀን ሳትቀር ትቆረጣለች።

ታዲያ ምንድነው የሚያስፈራን? እውነቱን ለመናገር እኔም በትክክል አላውቀውም ነበር። ለእማዬ ወረቀቱን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን በድለሻቸው ነው ተጠሪ የሚያደርጉሽ?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። «አርፈሽ እንጀራሽን ብዪ። የመምህር ማኅበር ነገር ሰው በልቷል። ካላመንሽኝ ቲቸርን ጠይቂያቸው።»

ቲቸር ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በስልካቸው ዜና እያነበቡ ነበር፤ ፊደሉን በጣም አጉልተውታል፣ ስክሪኑ ላይ በአንዴ ከሦስት ቃል በላይ አይታይም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሰፋ ማሩ የሚባል ስም ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የምታስተምሪው ዜግነት ነው አይደል?»

ነገሩን በክፋት አላሉትም። እኔን ግን ወጋኝ።

ያቺ ሐሙስ

ቲቸር በነገሩኝና ከዚያ በኋላ ባነበብኩት ላይ ተመሥርቼ ነው የምጽፈው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። መምህር አሰፋ ማሩ ጠዋት ከቤታቸው ወጥተው በእግራቸው ወደ ሥራ እየሄዱ ነበር። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ አስፈፃሚ አባል ናቸው። በዚያው ላይ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ማለትም ኢሰመጉ፣ የሥራ አስፈፃሚ አባል ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ መንገድ ላይ ፖሊሶች ተኩሰው ገደሏቸው።

መንግሥት ሰውየው የታጠቀ ስውር ቡድን አባል እንደነበሩና ሲያዙ እንዳመለጡ ወይም እንደተቃወሙ አድርጎ መግለጫ ሰጠ። በስፍራው የነበሩ የዓይን ምስክሮች ለሰብአዊ መብት ድርጅቶች የነገሩት ግን ሌላ ነው። መሣሪያ አልያዙም፤ ለመያዝም የተሞከረ ነገር አልነበረም። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች ይህንኑ ጽፈዋል። ፍርድ ቤት ቀርበው የተከሰሱበትን የሚሰሙበት፣ የሚመልሱበት ዕድል አላገኙም።

«እኔ በአካል አላውቃቸውም» አሉኝ ቲቸር። «ተራ አባል ነበርኩ፤ መዋጮዬን የምከፍል፣ ስብሰባ ስጠራ የምሄድ። ወሬው ማታ ነው የደረሰን። ሰው ሲሞት ዕድር አለ፣ ድንኳን አለ፣ ለቅሶ ይደረሳል። እኛ ግን እርስ በርስ እንኳን ‹ሰማህ?› ለመባባል ፈራን። በማግሥቱ ክፍል ገባሁ። ስም መጥሪያውን ከፈትኩ። አሰፋ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ ቀጭን፣ ኋላ የሚቀመጥ። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ልጁ ‹አለሁ ቲቸር!› አለ፤ ያልሰማሁት መስሎት ደገመው፤ ‹አለሁ!›»

ከዚህ በኋላ ቲቸር ትንሽ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

አሥራ አንድ ወር

የአሰፋ ማሩ ስም ሲነሳ ሁልጊዜ የሚነሳው አሟሟታቸው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራንን በአንድ ጊዜ አባረረ። ከነሱ አንዱ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ናቸው። ዶክተር ታዬ የመምህራን ማኅበሩም ሊቀመንበር ነበሩ። ማኅበሩ በጊዜው የነበረውን የትምህርት ፖሊሲ ይተቻል፤ መምህራን ሳይመከርበት የወጣ ነው ይላል፤ ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ይጠይቃል። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ስም የሚጠራ፣ መንግሥት ዕውቅና የሰጠው ሌላ ማኅበር ብቅ አለ። አንድ ስም፣ ሁለት ማኅበር። የፊተኛው ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። ቢሮዎቹ ተዘጉ። ከመምህራን ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው መዋጮም ወደ አዲሱ ሄደ።

ግንቦት 1988 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ዶክተር ታዬ ከአውሮፓ ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዙ።

እንግዲህ ራሳችሁን በዚያ ቦታ አስቀምጡ። ሊቀመንበራችሁ ታስሯል። ሒሳባችሁ ታግዷል። ስማችሁን ሌላ ወስዶታል። ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ስልኬን አጠፋና ቤቴ እቀመጣለሁ። «ልጆች አሉኝ» እላለሁ፣ «እናት አለችኝ» እላለሁ። ውሸትም አይሆንም።

አሰፋ ማሩ ወደ ሥራ ሄዱ። የዶክተር ታዬን መታሰርና ያቺን ሐሙስ የሚለያያቸው አሥራ አንድ ወር ነው። አሥራ አንድ ወር ብዙ ጠዋት ነው። የማኅበሩ ሥራ እንዳይቋረጥ ከያዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። የኢሰመጉም ሥራ አለ። ኢሰመጉ በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ለራሱ የሰጠው ሥራ ቀላል ይመስላል። አቤቱታ መቀበል፣ ማጣራት፣ መመዝገብ፣ መግለጫ ማውጣት ነው። ማን ታሰረ፣ የት ተወሰደ፣ ማን ተገደለ፣ መቼ። ፌስቡክ በሌለበት፣ ሰው በስልኩ ቪዲዮ በማይቀርጽበት ዘመን የዚያ ወረቀት ክብደት ይታያችሁ።

እኛ ጀግና ስንል ፈረስና ጦር ይመጣብናል። መምህር ግን ቀሪ የማያበዛ ሰው ነው። የማስተማር ሥራን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሥራው ግማሽ እዚያ መገኘት ነው። ዝናብ ይዝነብ፣ ታክሲ ይጥፋ፣ ደመወዝ ይዘግይ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ፊት መቆም ነው። አሰፋ ማሩ ያንን ልማድ ይዘው ወደ ማኅበሩ የገቡ ይመስለኛል። የተገደሉትም ሲሸሹ ወይም ሲደበቁ አይደለም፤ እንደ ወትሮው ጠዋት ተነስተው ወደ ሥራ ሲሄዱ ነው።

ታክሲና ጠመኔ

«ለመሆኑ ማኅበር ምን ይሠራል?» ብዬ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። ነገሩ የልጅ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ግን እኔ የማውቀው ማኅበር ደመወዝ መክፈያዬ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ናት።

«የካቲት 66ን ነው ማንበብ ያለብሽ» አሉኝ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት ሊተገበር ሲል አገሩ ተነሳ። ወላጅ «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው» ብሎ ፈራ። መምህሩም የደመወዝ ጥያቄው አልተመለሰለትም። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የነዳጅ ዋጋ የጨመረባቸው የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎችም አቆሙ። ጠመኔና መሪ አንድ ላይ ቆሙ ማለት ነው። በቀናት ውስጥ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ በመጠኑ ቀነሰ፤ ሴክተር ሪቪውንም አቆየው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ መጽሐፍ ላይ አለላችሁ፤ ዘውዱ ዓመቱን አልደፈነም።

ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ያንን የካቲት አይረሳም። መምህር በየቀበሌው አለ፤ በየገጠሩ አለ፤ ወላጅ ያከብረዋል፤ ማንበብና መጻፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ችሎ ሲደራጅ የሚሰጋ ሹም አይጠፋም። ደርግም ማኅበራትን በእጁ አስገብቷል። ለካ እማዬ «ሰው በልቷል» ስትል ስለ አንድ ዘመን ብቻ አልነበረም።

ስሙ ጄኔቫ ላይ ሲጠራ

አሰፋ ማሩ ከሞቱ በኋላ ጉዳዩ አገር ውስጥ ዝም ቢባልም ውጭ አልሞተም። መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የመምህራን ማኅበራት ድርጅት፣ ኤዱኬሽን ኢንተርናሽናል፣ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ጉዳዩን ጄኔቫ ለሚገኘው የዓለም ሥራ ድርጅት አቀረበ። መዝገቡ ቁጥር 1888 ይባላል። የድርጅቱ የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ በአሰፋ ማሩ ግድያ ላይ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀ፤ ደግሞ ጠየቀ፤ በየሪፖርቱ ጠየቀ።

ዶክተር ታዬ በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1994 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት ዝቅ ሲያደርገው ከዚያ በላይ ታስረው ስለነበር ተፈቱ። በሁለቱ ማኅበራት መካከል የነበረው የስምና የንብረት ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2000 ዓ.ም. ሰበር ችሎት ላይ አለቀ፤ ስሙና ንብረቱ ለኋለኛው ማኅበር ጸና። የፊተኞቹ «ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር» ብለው በሌላ ስም ለመመዝገብ ቢጠይቁም በ2001 ዓ.ም. ተከለከሉ።

ይህን ሁሉ ሱሉልታ ለምታስተምር ጓደኛዬ በቴሌግራም ጻፍኩላት። ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። መልሷ አጭር ነበር።

«እሺ ሞቱ። ከዚያስ? ደሞዛችን ተጨመረ?»

ተናደድኩ። ቀጥሎ ግን ጥያቄዋ ተገቢ እንደሆነ ገባኝ። ሰው ስለ ሞተ ብቻ ትግሉ አሸነፈ ማለት አይደለም። በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ ማኅበራቸው ስሙንም ንብረቱንም አጥቷል። ምርመራ ተደርጎ «ተኳሹ ይኸው» አልተባለም። ታዲያ ምን ቀረ?

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ቆየሁ። ከአስኮ እስከ አሸዋ ሜዳ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የማሰቢያ ጊዜ ሞልቶኛል። ከዚያ እንዲህ ብዬ መለስኩላት። በዚያ ዘመን ስማቸው የትም ሳይጻፍ የቀሩ ስንት ሰዎች አሉ? የአሰፋ ማሩ ስም ጄኔቫ ድረስ የተጠራው፣ ቀኑ የተመዘገበው፣ ዛሬ እኔ ስልኬ ላይ ላገኘው የቻልኩት ማኅበር ስለነበራቸው ነው። ማኅበር ማለት ብትጠፊ ስምሽን የሚጠራ ሰው መኖሩ ነው። ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው ማለት ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ «የት ሄደ?» የሚል መምህር አለው። መምህሩ ሲቀርስ ማነው «የት ሄደ?» የሚለው?

ለረጅም ጊዜ «እየጻፈች ነው» ሲል ቆየ። በመጨረሻ የላከችው ፎቶ ነው። የትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፤ የማካካሻ ክፍያ የማን ስንት፣ መቼ እንደሚከፈል በስም ተዘርዝሯል። ከሥሩ «ተጠሪያችን ናት ያስለጠፈችው። ሦስት ወር ተመላልሳለች» ብላ ጽፋለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እኔ ግን አልሆንም፤ ሱሉልታ ብርድ ላይ መመላለስ አልችልም» ከሳቅ ኢሞጂ ጋር።

ሕጉ ምን ይላል

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የማስተምረውን መጽሐፍ ራሴ እንደ ተማሪ ሆኜ ዳግም ማንበብ ነበረብኝ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ሕጋዊ ዓላማ መደራጀት እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 42 ስለ ሠራተኞች ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው፣ ገበሬው፣ እስከ ተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን ለማሻሻል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነትና የኅብረት ድርድርን የሚመለከተውን 98ኛ ስምምነት የፈረመችው ገና በ1955 ዓ.ም. ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ማለት ነው።

ክፍተቱ ከዚህ ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። የግል ፋብሪካ ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ግን ያ በር አልተከፈተለትም። ማኅበራችን የሙያ ማኅበር ነው። ይጠይቃል፣ ያመለክታል፣ ይመክራል። ስለዚህ ነው በየትምህርት ቤቱ ያለው ተጠሪ ጠንካራ መሆን ያለበት። ትልቁ በር ሲዘጋ ትንሹን በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል።

የዓለም የመምህራን ቀን መስከረም 25 ሲሆን ፎቶ ተነስተን፣ ኬክ ቆርሰን፣ «መልካም የመምህራን ቀን» ብለን ስቶሪ ላይ እንለጥፋለን። ያ ቀን የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1966 ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ደረጃ ያወጡት ሰነድ የጸደቀበት ቀን ስለሆነ ነው። የእኛ 66 ሳይሆን የፈረንጆቹ። ሰነዱ የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት ዕድገት ትልቅ ኃይል ናቸውና ፖሊሲ ሲወጣ ይሳተፉ ይላል። እነ አሰፋ ማሩ ሲጠይቁ የነበረው ከዚህ የዘለለ አልነበረም። ስለ ትምህርት ሲወሰን መምህሩ ይጠየቅ፤ መምህሩን ማን እንደሚወክለው ደግሞ መምህሩ ራሱ ይምረጥ። አለቀ።

ስለዚህ መምህር የሆናችሁ፣ ነርስ የሆናችሁ፣ ባንክ የምትሠሩ፣ ይህን ሚኒባስ ውስጥ የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደመወዝ መክፈያችሁን ክፈቱና የማኅበር መዋጮ የሚል አለ ወይ እዩ። ካለ፣ ብሩ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብባችሁታል? ተጠሪያችሁን መረጣችሁት ወይስ ተነገራችሁ? እኔ እስከ ባለፈው ወር ለአራቱም ጥያቄ መልሴ «እኔ እንጃ» ነበር።

ሰኞ

ቲቸር ጋ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ምክር ፍለጋ ነው። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ? እኔ ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ» አሉ። «የአዲሱ ማኅበር ቅጽ መጣ፤ ፈረምኩ። ከሁሉም መምህር ጋር ተሰልፌ ፈረምኩ። ልጆች ነበሩኝ፤ ዝውውር እየጠበቅኩ ነበር። ማንም አልፈረደብኝም። ግን ይኸው ጡረታ ወጥቼም አሰፋ የሚል ስም ስሰማ ዞር ብዬ አያለሁ።»

ከዚያ አንድ ነገር አከሉ። «እንደ እሳቸው ሁኚ አልልሽም። ማንም እናት ልጇ እንደዚያ እንድትሆን አትፈልግም። እሳቸውም መሞት ፈልገው አልወጡም እኮ። ሥራ ነበራቸው፤ ወደ ሥራቸው ሄዱ። አንቺም ሥራ ካለሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ሰኞ ጠዋት ስታፍ ሩም ስገባ ወረቀቱ ከሻይ ቴርሞሱ ሥር ነበር፤ ዳሩ ረጥቧል። አሁንም ባዶ ነው። ብዕር አውጥቼ ስሜን ጻፍኩ። «አፍ አለሽ» ያለኝ ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋና «ብቻሽን አይሆንም» ብሎ ከሥር የራሱን ጻፈ።

ለእማዬ ማታ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። እራት አቀረበች፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገች፤ ከዚያ «ስትወጪም ስትገቢም ደውዪልኝ» አለችኝ። በየቀኑ እደውላለሁ።

ሚያዝያ 30 ሲመጣ ክፍል ውስጥ ስለ አንቀጽ 31 አስተምራለሁ፤ የዓመቱ ዕቅዴ ላይ ቀኑን አስተካክዬዋለሁ። ከአንቀጹ ጋር የአንድ መምህር ስም ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ስልክ ስላላቸው የቀረውን ራሳቸው ይፈልጉታል።

የማካካሻ ክፍያው እስካሁን አልመጣም። ዕጩዎቹ ሦስት ሆነናል። ምርጫው ዓርብ ነው።